ወንፈል እንጂ ምጽዋት አይደለም

የንባብ ክፍል፦ የሐዋርያት ሥራ 11፥19-30፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥1-21



በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው አገልጋዮችን ስለ ማሠልጠን ነው። ወንጌላውያንን፣ ቀሳውስትንና የመጽሐፍ ቅዱስ መምህራንን ለማስተማር የባሕር ማዶ አብያተ ክርስቲያናት ለእንደኛ ላሉ አገሮች ርዳታ ሲያደርጉ ቆይተዋል፤ ዛሬም ያደርጋሉ። ይህን ርዳታ እንዴት እንመልከተው? ነገሩ በወጣቶች መካከል ሲነሣ ብዙ ጊዜ ሁለት አስተያየቶች ይሰማሉ። አንደኛው ወገን «እነርሱ ባለጸጎች ናቸው፤ እኛ ድሆች ነን፤ ስለዚህ እነርሱ ይክፈሉ» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «እስከ መቼ የሰው እጅ እናያለን? ከእንግዲህ አንድ ሳንቲም እንኳ መቀበል የለብንም» ይላል። የፊተኛው ስንፍናን ትሕትና ያስመስለዋል፤ የኋለኛው ደግሞ ኩራትን እንደ እምነት ይቆጥረዋል። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ርዳታ ማለት ካለው ወደ ሌለው ብቻ የሚወርድ ምጽዋት ነው ብለው ያምናሉ።

የአገራችን ገበሬ ግን ከዚህ የተለየ መንገድ ያውቃል። እርሱም ወንፈል ነው። ዛሬ ጎረቤቴ በሬውንና ጉልበቱን ይዞ እኔ ማሳ ላይ ይውላል፤ ነገ እኔ በተራዬ እርሱ ማሳ ላይ እውላለሁ። አንዱ ብዙ በሬ ሊኖረው ይችላል፤ ሌላው ምናልባት ያለው ጉልበቱ ብቻ ነው። በወንፈል ግን ለማኝ የሚባል የለም፤ ጌታ የሚባልም የለም። አንድ ነገር ብቻ ያሳፍራል፤ እርሱም ተራ ሲደርስ መቅረት ነው። እኔ ዛሬ ላሳያችሁ የምፈልገው በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ያለው መረዳዳት እንደ ወንፈል መታሰብ እንዳለበትና በዚህም ውስጥ የእኛ ተራ መድረሱን ነው።

ሀ. ከአንጾኪያ የምንማረው

የአንጾኪያን ማኅበር የመሠረቱት ስደተኞች ናቸው። እስጢፋኖስ ከተገደለ በኋላ የተበተኑት አማኞች እስከዚያች ከተማ ድረስ ሄደው ለግሪክ ሰዎች ሳይቀር ስለ ጌታ ኢየሱስ ተናገሩ፤ ብዙዎችም አመኑ። ወሬው ኢየሩሳሌም በደረሰ ጊዜ በዚያ የነበረችው ቤተ ክርስቲያን የላከችው ሰው ነበር፤ እርሱም በርናባስ ነው። በርናባስም መጥቶ የእግዚአብሔርን ጸጋ ባየ ጊዜ ደስ አለው፤ ከዚያም ወደ ጠርሴስ ሄዶ ሳውልን ፈልጎ አመጣ። ሁለቱም ዓመት ሙሉ ከማኅበሩ ጋር ተቀምጠው ብዙ ሕዝብ አስተማሩ። ደቀ መዛሙርት ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን የተባሉት በዚህች ከተማ ነው።

እንግዲህ እነዚህ የአንጾኪያ መምህራን ከውጭ የመጡ ነበሩ። ይህም አላሳፈራትም። ነገር ግን ምዕራፉ ገና ሳያልቅ ሌላ ነገር እናነባለን። አጋቦስ የተባለ ነቢይ ታላቅ ራብ እንደሚመጣ በተናገረ ጊዜ፣ እነዚያው አዲስ አማኞች እያንዳንዳቸው እንደ ዓቅማቸው አዋጥተው በይሁዳ ለሚኖሩት ወንድሞች ርዳታ ላኩ። ርዳታውንም ይዘው የሄዱት ያስተማሯቸው በርናባስና ሳውል ናቸው። ወረድ ብለን ምዕራፍ 13ን ስናነብ ደግሞ መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለሌላ ሥራ እንዲለዩለት በጠየቀ ጊዜ ማኅበሩ ጾሞና ጸልዮ፣ እጁንም ጭኖ አሰናበታቸው።

ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። አንጾኪያ መምህራንን ተቀበለች፤ እህል ለራባቸው ሰጠች፤ በመጨረሻም መምህራንዋን ራሳቸውን ላከች። «መጀመሪያ ጠንክረን እንቁም፤ ሀብትም ይኑረን፤ ከዚያ በኋላ እንሰጣለን» አላለችም። ገና ተማሪ ሳለች ሰጪ ሆነች።

ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው በሁለተኛው መልእክቱ ይህንኑ ያስተምራል። ለምሳሌ ያቀረበላቸው ባለጸጋ ማኅበር አልነበረም። በብርቱ ድህነትና በመከራ ውስጥ ሳሉ ከዓቅማቸው በላይ የሰጡትን፣ እንዲያውም «እንስጥ» ብለው የለመኑትን የመቄዶንያን አማኞች ነው። የስጦታውንም ዓላማ ሲገልጽ አንዱ እንዲያርፍ ሌላው እንዲጨነቅ ሳይሆን ትክክል እንዲሆን ነው ይላል። የዛሬው የአንዱ ትርፍ የሌላውን ጉድለት ይሞላል፤ ነገ ደግሞ በተራው የዚያኛው ትርፍ የዚህኛውን ጉድለት ይሞላል። ይህ በእኛ ቋንቋ ወንፈል ካልተባለ ምን ሊባል ይችላል?

ለ. በአገራችን የታየው

ነገሩ በአገራችን አዲስ አይደለም። በአራተኛው መቶ ዓመት ፍሬምናጦስ ከአክሱም ወደ እስክንድርያ ሄዶ ለኢትዮጵያ ጳጳስ እንዲላክ አትናቴዎስን ለመነ፤ አትናቴዎስም ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ መለሰው። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ በዘመናት ሁሉ ጳጳስዋን ከግብጽ ስትቀበል ኖራ፣ የራስዋን ፓትርያርክ ያገኘችው በ1959 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ዘመን ጳጳሱ ከውጭ ቢመጣም መምህሩና ካህኑ የሚወጣው ከመንደሩ ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን ይዞ፣ በየደጃፉ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ያች ድሃ እናት ከእንጀራዋ ቆርሳ ሰጠችው። ዜማ ቤቱም፣ ቅኔ ቤቱም፣ መጻሕፍት ቤቱም የቆመው በዚህ ቁራሽ ነው። አገልጋይን የሚያስተምር ሕዝብ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ ነበረ ማለት ነው።

የወንጌላውያንን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ስንመለከት ደግሞ የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን መልእክተኞች በ1866 ምጽዋ ደረሱ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በ1870 አንድ የኦሮሞ ልጅ በዚያች ከተማ ከባርነት ነፃ ወጣ። ይህ ልጅ ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ከሚሲዮናውያኑ ዘንድ ተምሮ በ1872 ተጠመቀ፤ ከ1876 እስከ 1881 ድረስ በስዊድን አገር በዮሃነሉንድ ለአገልግሎት ሠለጠነ። የዚያን ጊዜውን የስዊድን ሚሲዮን ሥራ በገንዘባቸው የደገፉት ነገሥታትና መኳንንት ብቻ አልነበሩም። ገበሬዎችና የእጅ ሙያተኞች ነበሩበት፤ የስፌት ማኅበር አቋቁመው የእጅ ሥራቸውን እየሸጡ የሚያዋጡ ሴቶችም ነበሩበት።

እነዚያ ሴቶች የሰጡት ጥቂት ገንዘብ ምን አፈራ? ኦኔሲሞስ ተመልሶ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ ሐዲስ ኪዳኑ በ1893፣ መጽሐፉ በሙሉ በ1899 ታተመ። በዚህም ሥራ እንደ እርሱ ከባርነት ነፃ የወጣች አስቴር ጋኖ የተባለች ወጣት ከጎኑ ነበረች። በልጅነትዋ የጠገበችውን የአፍ መፍቻ ቋንቋዋን ለትርጉሙ አበረከተች። ወጣት ሴቶች ሆይ፤ ይህን ስም አትርሱ። ኦኔሲሞስ በ1904 ወደ ወለጋ ገብቶ በነቀምቴ እያስተማረ ኖረና በ1931 ዐረፈ።

አሁን የወንፈሉን ሂሳብ እንተሳሰብ። የስዊድን ምእመናን ገንዘብ ነበራቸው፤ ትምህርት ቤትም ነበራቸው። የኦሮምኛን ለዛ ግን በገንዘብ ሊገዙት አይችሉም ነበር። ኦኔሲሞስና አስቴር ቋንቋው ነበራቸው፤ ማተሚያ ቤት ግን አልነበራቸውም። ከሁለቱ ወገኖች አንዱ ቢቀር ኖሮ መጽሐፉ በዚያን ጊዜ አይታተምም ነበር። ታዲያ ከሁለቱ ሰጪው ማን ነው? ተቀባዩስ ማን ነው?

ሐ. ተቀባይም የሚናገረው አለው

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1959 ተቋቋመች፤ በሚቀጥለውም ዓመት በ1960 በአዲስ አበባ ሴሚናሪዋ ተከፈተ። በዚያን ጊዜ በሌላውም ዓለም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራ ነበር። በ1957 መጨረሻና በ1958 መጀመሪያ በጋና የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሚሲዮን ጉባኤ በእስያ፣ በአፍሪካና በላቲን አሜሪካ ያሉትን የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች ለማጠንከር የ4 ሚሊዮን ዶላር መርጃ ገንዘብ አቋቋመ። ግማሹን የሰጠው የሮክፌለር ቤተሰብ ድርጅት ሲሆን ግማሹን ያዋጡት የአሜሪካ የሚሲዮን ማኅበራት ናቸው።

ነገር ግን ገንዘቡ ሲመጣ አንድ ጥያቄ አብሮ ይመጣል፤ ይኸውም ለየትኛው ሥራ እንደሚውል የሚወስነው ማን ነው የሚል ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ የአውሮፓ የርዳታ ድርጅቶች ለሐኪም ቤት፣ ለትምህርት ቤትና ለእርሻ ልማት በብዙ ይሰጡ ነበር። ለወንጌላውያንና ለቀሳውስት ሥልጠና፣ ለማኅበረ ምእመናን ሥራና ለጸሎት ቤት ሲሆን ግን እጃቸው ያጥር ነበር። በዚያው ጊዜ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኒቱ አባላት ቁጥር እጅግ እየበዛ ስለ ሄደ አዲሶቹን አማኞች የሚያስተምር አገልጋይ ጠፋ። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያኒቱ ጠቅላላ ጉባኤ በጥር 1971 ተሰብስቦ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ድርጅቶቹን እንዲያነጋግርለት፣ እነርሱም የርዳታ መመሪያቸውን እንደገና እንዲመረምሩ፣ የመሪዎችንም ሥልጠና እንዲጨምሩበት ጠየቀ። በግንቦት 1972 ደግሞ በወቅቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሚመሩት ጽሕፈት ቤት በኩል፣ ስለ ወንጌል ስብከትና ስለ ሰው ልማት ግንኙነት የሚናገር ታዋቂ ደብዳቤ ወጣ። የደብዳቤው አሳብ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ ለሁለት የሚከፈል አይደለም፤ ስለዚህ የሰውን ልማት የሚሻ ሁሉ ሰውን በሙሉ ያገልግል።

ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። የሰጡትን ሁሉ ዝም ብሎ የሚቀበል ለማኝ ነው፤ የወንፈል ጓደኛ ግን «የእኔ እርሻ በዚህ በኩል ነው የሚታረሰው፤ ድንጋዩን የማውቀው እኔ ነኝ» ይላል። በትሕትናና በግልጽ መናገር ውለታ ቢስነት አይደለም።

በዚያው በ1971 የምሥራቅ አፍሪካ ፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኬንያዊው ቄስ ጆን ጋቱ ወደ አሜሪካ ሄደው ሌላ አሳብ አቅርበው ነበር። ሚሲዮናውያንም ገንዘብም ለጥቂት ጊዜ ይቁሙልን፤ በራሳችን እግር መቆምን እንማር አሉ። ንግግራቸው ብዙ ክርክር አስነሣ፤ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትንም ከእንቅልፍ አነቃ። ቄስ ጉዲና በበኩላቸው አብያተ ክርስቲያናት እርስ በርሳቸው የሚደጋገፉ ናቸው የሚለውን አሳብ አጥብቀው ያዙ፤ በክርስቶስ አካል ውስጥ እጅ ለእግር አታስፈልገኝም ሊል አይችልምና። በእኔ አስተያየት ሁለቱም እውነት አላቸው። በእግሩ ያልቆመ ሰው ወንፈል ሊገባ አይችልም፤ በእግሬ ቆሜአለሁ ብሎ ጎረቤቱን የሚዘጋም ወንፈሉን ያፈርሳል።

መ. ሦስት አደጋዎች

1ኛ. የተማረው ከሕዝቡ መለየቱ ነው። ከገጠር የመጣው ወጣት በዋና ከተማ ወይም በባሕር ማዶ ተምሮ ወደ ላከው ማኅበር የማይመለስበት ጊዜ አለ። በጓቲማላ የፕሬስቢቴሪያን ሴሚናሪ መምህራን ይህን ችግር አይተው በ1963 መንገዱን ገለበጡት። ተማሪው ከቤቱ ወደ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ማድረጉን ትተው ትምህርቱን ወደ ተማሪው ወሰዱት። ተማሪው እርሻውንም አገልግሎቱንም ሳይተው በቤቱ ያጠናል፤ በየሳምንቱም በአቅራቢያው ከመምህሩ ጋር ይገናኛል። ይህ የርቀት ሥልጠና ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ተስፋፍቶ ወደ አገራችንም ደርሷል።

ይህን ስል ባሕር ማዶ መማር ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ቄስ ጉዲና ራሳቸው ከ1963 እስከ 1966 በአሜሪካ አገር በሚኒሶታ ተምረዋል። ተመልሰው ሕዝባቸውን አገለገሉ። በደርግ ዘመን ከአገር ወጥተው ሕይወታቸውን እንዲያተርፉ ዕድል ቢቀርብላቸውም መንጋውን ትተው መሄድን እምቢ አሉ፤ በሐምሌ 1979 ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። የአንድ ሰው ትምህርት የማን እንደሆነ የሚታወቀው በተማረበት ቦታ ሳይሆን በቆመበት ቦታ ነው።

2ኛ. የተውሶ ትምህርት ነው። የመርጃው ገንዘብ ዲሬክተር የነበሩት የታይዋኑ ሾኪ ኮ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አጥብቀው ያሳሰቡት ይህንኑ ነው። ሥልጠናው በሌላ አገር ለተነሣው ጥያቄ ብቻ የሚመልስ ከሆነ የተማረው ሰው ወደ መንደሩ ሲመለስ ማንም ላልጠየቀው ጥያቄ መልስ ተሸክሞ ይመጣል። የእኛ አገልጋይ ስለ ዛር፣ ስለ ደም መመላለስ፣ ስለ ድርቅ፣ ወደ ዐረብ አገር ስለሚሰደዱት እኅቶቻችን ከእግዚአብሔር ቃል የሚናገረው ሊኖረው ይገባል።

3ኛ. ድጋፉ በድንገት መቋረጡ ነው። ይህ በአገራችን ብዙ ጊዜ ደርሷል። በ1937 በጣልያን ወረራ ዘመን ሚሲዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ የተዉአቸው የተጠመቁ አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ ሲመለሱ 10,000 የሚያህሉ ሆነው አገኟቸው። መሪዎቻቸው ታስረው ተገርፈው ነበር፤ ወንጌላውያኖቻቸውን ይመግቡ የነበሩት ግን ያው ድሆች ምእመናን ናቸው። በደርግም ዘመን ብዙ ሚሲዮናውያን ወጡ፤ በወለጋ ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ እምነቱ ግን አልተዘጋም። በ2013 ደግሞ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በጋብቻ ትምህርት ላይ በተነሣ ልዩነት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ካለችው የወንጌላዊት ሉተራን ቤተ ክርስቲያን ጋር የነበራትን ኅብረት አቋረጠች። የረጅም ዘመን ወዳጅነት እንኳ ሊቋረጥ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን። አባቶቻችን «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላሉ። ትምህርት ቤታችን በአንድ የውጭ ምሰሶ ብቻ የቆመ ከሆነ ያ ምሰሶ የተነቀነቀ ቀን ጣራው በተማሪዎቹ ላይ ይወድቃል።

ሠ. የእኛ ተራ

እስከ አሁን ስለ ታላላቅ ሰዎችና ስለ ታላላቅ ጉባኤዎች ተናገርን። አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

እስቲ አንድ የገጠር ወንጌላዊ በዓይነ ሕሊናችሁ አስቡ። ሚስትና አምስት ልጆች አሉት፤ ሦስት ጸሎት ቤቶችን በእግሩ እየዞረ ያገለግላል። ቤተ ክርስቲያን ለሥልጠና መረጠችው፤ የትምህርቱን ዋጋም በባሕር ማዶ ያለ አንድ ማኅበር ሊከፍልለት ተስማማ። ሁላችንም እልል አልን። ነገር ግን ሰኔ ሲገባ የእርሱን ማሳ ማን ያርሳል? ሚስቱ ስትታመም ማን ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳታል? ለልጆቹ ደብተር ማን ይገዛል? ከጀርመን ወይም ከኖርዌይ የሚመጣ ገንዘብ የትምህርቱን ዋጋ ይከፍል ይሆናል፤ ሞፈር ግን አይጨብጥም። ይህ የእኛ ድርሻ ነው። እኛ በዚህ ብንቀር ሰውዬው ትምህርቱን በመካከል ትቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሦስቱም ጸሎት ቤቶች እረኛ ያጣሉ። ምክንያቱ የገንዘብ እጦት ሳይሆን በወንፈሉ ቀን የእኛ መቅረት ይሆናል።

በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 6 የነቢያት ልጆች መኖሪያቸው በጠበባቸው ጊዜ ኤልሳዕን አስፈቅደው ወደ ዮርዳኖስ ወረዱ፤ እያንዳንዱም አንዳንድ እንጨት ሊቆርጥ ተነሣ። ከእነርሱ አንዱ መጥረቢያው ውኃ ውስጥ ገባበትና የተውሶ ነበር ብሎ ጮኸ። ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ መሣሪያው ከሰው ቢገኝም እንጨቱን የቆረጡት ተማሪዎቹ ራሳቸው ናቸው። ሁለተኛው፣ የተውሶ ዕቃ ስለጠፋ ልባቸው ደነገጠ። የሰው ገንዘብ በእጃችን ሲጠፋ የማንደነግጥ ከሆነ የነቢያት ልጆች ልንባል አንችልም።

ስለዚህ በየሰንበት ትምህርት ቤታችን የሚከተሉትን አራት ነገሮች እንድንጀምር በጌታ ፍቅር አሳስባችኋለሁ።

አንደኛ፣ ለሥልጠና የተላከ አገልጋይ ካለን ቤተ ሰቡን በየተራ እንጠይቅ። የገጠሮቹ ማሳውን እንረስ፣ እንረም፣ እንጨድ፤ የከተማዎቹ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ እናዋጣ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

ሁለተኛ፣ ሂሳብን በንጽሕና እንያዝ። ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም የተሰበሰበውን ስጦታ ብቻውን ይዞ አልሄደም። ማንም እንዳይነቅፈው፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰውም ፊት መልካም እንዲሆን አስቦ በማኅበራት የተመረጡ ወንድሞችን አብሮ ላከ። የሳጥን ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ አይቀመጥ፤ ደረሰኝ ይጻፍ፤ የመጣውና የወጣው ሁሉ በጉባኤ ፊት ይነበብ። ሐዋርያው ካላፈረበት እኛም አንፈርበት።

ሦስተኛ፣ ለባሕር ማዶ ወዳጆቻችን ገንዘብ ስንፈልግ ብቻ አንጻፍላቸው። እንጸልይላቸው፤ እነርሱም የሚጸለይለት ጉድለት አላቸው። አባቶቻቸው ሚሲዮናውያንን ወደ እኛ በላኩባቸው አገሮች ዛሬ የሰንበት አምላኪ የሳሳባቸው ጸሎት ቤቶች ብዙ ናቸው። በስዊድን፣ በጀርመን፣ በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን አማኞች ደግሞ በዚያ ማኅበር አቋቁመው ያመልካሉ። ምናልባት የእነዚያ የስፌት ማኅበር ሴቶች የልጅ ልጆች ወንጌልን ከእኛ አገር በሄደ አገልጋይ አፍ ይሰሙ ይሆናል። በ1959 ጥቂት አሥር ሺዎች ብቻ የነበሩት የመካነ ኢየሱስ ምእመናን ዛሬ በቤተ ክርስቲያኒቱ አቆጣጠር ከ10 ሚሊዮን በላይ ሆነዋል። ይህን ያህል የተቀበለ ሕዝብ ዛሬም «እኛ ምን አለን?» ቢል ማን ያምነዋል?

አራተኛና ዋናው፣ ራሳችንን እንስጥ። ጳውሎስ ስለ መቄዶንያ ሰዎች ሲናገር ከገንዘባቸው በፊት ራሳቸውን ለጌታ እንደ ሰጡ ይመሰክራል። የትምህርት ገንዘብ ቢኖር፣ ሕንፃውም ቢሠራ፣ መጻሕፍቱም ቢደረደሩ፣ «እኔ እሄዳለሁ» የሚል ወጣት ከሌለ ሁሉ ባዶ ነው። አገልጋይ ከውጭ አይገዛም። በእናትና በአባት ጸሎት፣ በሰንበት ትምህርት ቤት ወንበር ላይ፣ በማኅበረ ምእመናን መካከል ይወለዳል። ከእናንተ መካከል ጌታ የሚጠራው ሊኖር ይችላል። ጥሪውን የሰማ ወደ ሽማግሌዎች ቀርቦ ይናገር፤ ያልተጠራው ደግሞ የተጠራውን ደግፎ ይያዝ።

እንግዲህ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ ከባሕር ማዶ ለሚመጣው እጅ እግዚአብሔርን እናመስግን፤ አንናቀው፤ ተደግፈንበትም አንተኛ። ሌሎች በእኛ ማሳ ላይ ብዙ ዘመን ውለውልናል፤ ፀሐዩንም ወባውንም ችለው ያረሱልን አሉ፤ በአገራችን አፈር ውስጥ የተቀበሩም አሉ። አሁን ተራው የእኛ ነው።

አቤቱ ጌታ ሆይ፤ የመከሩ ጌታ አንተ ነህና ሠራተኞችን ላክ። የሚማሩትን አበርታ፤ ቤተ ሰባቸውን ጠብቅ፤ በሩቅ አገር ሆነው የሚረዱንን ባርክ። እኛንም ተራችን በደረሰ ቀን ከማሳው እንዳንቀር እርዳን። አሜን።

ለመወያያ፦
1. አንጾኪያ ከኢየሩሳሌም ምን ተቀበለች? ምንስ መለሰች?
2. ከማኅበራችን ለሥልጠና የተላከ ሰው አለን? ቤተ ሰቡን በዚህ ወር ማን ጠየቀ?
3. የባሕር ማዶ ርዳታ ነገ ቢቋረጥ ከአገልግሎታችን የትኛው ይቆማል? የትኛውስ ይቀጥላል? እንዳይቆም ዛሬ ምን ማድረግ እንችላለን?